ከድስቱ እስከ ደብተሩ፦ በጦርነት አካባቢ የሴቶች የእርዳታ ቡድን እንዴት ይቋቋማል? እንዴትስ ይቆያል?

ነሐሴ 2013 ዓ.ም. ከቆቦ፣ ከወልዲያና ከመርሳ የተፈናቀለው ሰው ደሴን ሲሞላት ስብሰባ የጠራን ሰው አልነበረም። ከሰፈራችን አጠገብ ያለው ትምህርት ቤት በአንድ ሌሊት መኖሪያ ሆነ። እናቶች ከነልጆቻቸው ሲሚንቶ ላይ ተኝተዋል፣ እኛ ከአጥሩ ወዲህ ቡና እናፈላለን። ቡናው ከጉሮሮ አልወርድ አለን። ከመሀላችን አንዷ "የቅሬው ድስት እኮ ባዶውን ተቀምጧል" አለች። በቃ፣ ነገሩ እንዲህ ተጀመረ።

ለማያውቅ፣ ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። ወሎ ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ይቀባበራል። ድንኳን አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው፣ ትልልቅ ብረት ድስት፣ ሳህን፣ ጆግ፣ በርሜል አለው። ከሁሉ በላይ ግን ሥራውን የሚያውቁ ሴቶች አሉት። ሦስት መቶ ሰው ማብላት ለእኛ አዲስ አይደለም። ለቅሶ ቤት ማን ሽንኩርት እንደሚከትፍ፣ ማን እሳት ላይ እንደሚቆም፣ ማን ሳህን እንደሚቆጥር ማንም ሳይነግረን እናውቃለን።

ችግሩ ለቅሶ በሦስት ቀን ያልቃል። መፈናቀል ግን ወር ያልፈዋል፣ ዓመት ያልፈዋል። ብዙ ቡድን ሲፈርስ ያየሁት በደግነት እጥረት አይደለም። ለሦስት ቀን በተሠራ ልማድ ስድስት ወር ለመሄድ ስለሞከረ ነው። ስለዚህ ምክሬ ባጭሩ ይሄ ነው፦ ድስቱን ከለቅሶ ቤት ውሰዱ፣ ለቅሶ ቤት የሌለውን ሦስት ነገር ጨምሩበት። ደብተር፣ ተራ እና "አይሆንም" ማለት። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው። ረዘም ስለሚል ተረጋግታችሁ አንብቡት።

1. መጀመሪያ ሰባት ሴት ፈልጉ፣ ሰባ አይደለም

ሰባ ሰው በመጀመሪያው ቀን ይመጣል፣ በሦስተኛው ሳምንት ግን የሚገኘው ሰባት ነው። እነዚያን ሰባቱን ቀድማችሁ ምረጡ። አንዷ ድግስ ማብሰል የምታውቅ ትሁን። አንዷ ሒሳብ የማይምታታባት፣ አስተማሪ ወይም ባለሱቅ ብትሆን ጥሩ ነው። አንዷ ነጋዴዎቹን የምታውቅና መከራከር የማይሰለቻት። አንዷ ነርስ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ። አንዷ ቀበሌ ስትገባ "እትዬ" ተብላ ወንበር የሚሳብላት። የቀሩት ሁለቱ ከራሳቸው ከተፈናቃዮቹ መሆን አለባቸው።

ይሄኛው ላይ አትደራደሩ። እኛ ለሁለት ሳምንት ያህል ስለ እነሱ ያለ እነሱ ስንወስን ቆየን። ከዚያ ከመርሳ የመጣች አንዲት እናት ገብታ በአንድ ቀን ያስተካከለችው ነገር ያሳፍር ነበር። የትኛው ክፍል ውስጥ የታመመ እንዳለ፣ ማን አፍሮ ሰልፍ እንደማይወጣ፣ ማን ሁለቴ እንደሚወስድና ለምን እንደሚወስድ (እቤት የተኛች እናት ስላለችው) ሁሉንም ታውቃለች።

በሁለቱም ሃይማኖት በኩል ሰው ይኑራችሁ። አንድ የማትፈራ፣ ምላሷ የሰላ ሴትም አትጥፋ፣ ታስፈልጋችኋለች።

ለእያንዳንዷ ምትክ ሰይሙ። ይሄ ወግ አይደለም። ጥቅምት 2014 መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ራሷ ደሴ ሲገባ ረጂዎቹም ተፈናቃይ ሆንን። ገንዘብ ያዣችን ወደ ደብረ ብርሃን፣ ደብተሩን የያዘችው ወደ ገጠር፣ የመጋዘኑ ቁልፍ የት እንደገባ ማንም አያውቅም። ምትክ ቢኖረን ኖሮ ከተማው ውስጥ የቀሩት ሴቶች በሩን ሰብረው አይገቡም ነበር። (ሰበሩት። ደግ አደረጉ።)

ወንዶችስ? ይምጡ እንጂ። ኩንታል ይሸከማል፣ እንጨት ይፈልጣል፣ ሌሊት ይጠበቃል። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ድስቱ ባዶ ሳለ ሰብሳቢ መሆን የሚፈልግ የለም፣ ብር ሲመጣ ግን ሰብሳቢ የሚሆን ወንድ አይጠፋም። ሰብሳቢዋና ፈራሚዎቹ ሴቶች መሆናቸውን ከመጀመሪያው ቀን በቃለ ጉባኤ ጻፉት።

2. ቀበሌውን አሳውቁ፣ መሣሪያ የያዘውን ግን ከድስቱ አርቁ

ሳታሳውቁ አትጀምሩ። አንድ ገጽ ደብዳቤ ይበቃል፦ እነማን እንደሆናችሁ፣ የት እንደምታበስሉ፣ ለማን። ማህተም ያለበትን ኮፒ አንዷ ሁልጊዜ ቦርሳዋ ውስጥ ትያዝ። ኬላ ላይ ዱቄት ስታሳልፉ ያለ ወረቀት ማስረዳት ጭንቅ ነው።

ሕጋዊ ሰውነትን በተመለከተ፣ የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እድርና እቁብን አይመለከትም። እዚያው በቅሬያችሁ ስር ከሠራችሁ ምዝገባ ሳትጠብቁ መጀመር ትችላላችሁ። ከትልልቅ ድርጅት ገንዘብ መቀበል ስትፈልጉ ግን ምዝገባ ይጠየቃል። ጊዜና ወረቀት ይፈልጋል፣ ስለዚህ ለሁለተኛው ወር አስቡት እንጂ ለመጀመሪያው ሳምንት አትጨነቁበት።

አሁን ወደ ከባዱ። በኛ አካባቢ በዚያን ጊዜ ለሠራዊት ስንቅ የማያዘጋጅ ቤት አልነበረም ማለት ይቻላል። ልጇ ግንባር ላይ ያለች እናት ስንቅ ብትልክ ማን ይፈርድባታል? ግን ያ ሌላ ሥራ ነው፣ በሌላ ድስት፣ በሌላ ግቢ፣ በሌላ ስም ይሠራ። የተፈናቃይ ድስት አንድ ቀን ለታጣቂ ከቀረበ በማግስቱ ሌላው ወገን ሲመጣ እናንተም ልጆቹም አደጋ ላይ ናችሁ። ድስት ከሁለቱም ወገን የሚተርፈው የማንም ካልሆነ ብቻ ነው።

የምግብ ቦታው ላይ መሣሪያ አይገባም። ይሄን ለማለት ድፍረት ይጠይቃል። እኛ ያደረግነው በዕድሜ የገፉ እናቶችን በር ላይ ማስቀመጥ ነበር። "ልጄ፣ ያንን ነገር ውጭ አስቀምጠህ ግባ፣ ሕፃናት ይፈሩታል" ስትለው እናቱን ያስታውሳልና እሺ ይላል። ሁልጊዜ አይደለም፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል።

3. ሽንኩርት ከመክተፋችሁ በፊት ቁጠሩ

ማታ ሂዱ። ቀን ቀን ሰው ሥራ ፍለጋ ይወጣል፣ ቁጥሩ ያታልላል። ማታ ሁሉም ክፍሉ ውስጥ ነው። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ክፍል በክፍል ዙሩ፣ "አብሽሩ" በሉ፣ ቁጭ በሉ፣ መጀመሪያ ስሙ። ከዚያ ነው መጠየቅ፦ ስንት ናችሁ? የምታጠባ አለች? ነፍሰ ጡር? የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የቲቢ፣ የኤችአይቪ መድኃኒት ያለቀበት አለ? ብቻውን የመጣ ልጅ አለ? መጨረሻ የጠየቅኩት ላይ በጣም ጠንቀቅ በሉ። ብቻውን የመጣ ልጅ ካገኛችሁ ዘመድ ነኝ ላለ ሰው ሁሉ አትስጡ፣ ለሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ወይም ለቀይ መስቀል አስመዝግቡ፣ እስከዚያው ከሚያውቃት እናት ጋር ይቆይ።

መዝገባችሁ ላይ ብሔርና ሃይማኖት አትጻፉ። አያስፈልጋችሁም። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ቁጥር ስጡ፣ ቁጥሯን በካርቶን ላይ ጽፋችሁ አስይዙ። ስም ያለበት ደብተር ለብቻው፣ በአንዲት ሴት እጅ፣ የት እንደሆነ ሁለት ሰው ብቻ ያውቅ። ከተማ እጅ በእጅ በሚቀያየርበት ጊዜ የስም ዝርዝር የሚያስገድል ወረቀት ሊሆን ይችላል። አስፈላጊ ከሆነ ምድጃው ቅርብ ነው።

ጠይቁ የምለው ለምን መሰላችሁ? አንድ ጊዜ ከሩቅ የተላከ ሙሉ መኪና ልብስ መጣልን። ከፈታነው በኋላ ባለ ተረከዝ ጫማና የእራት ቀሚስ ነው። ሲሚንቶ ላይ ለምትተኛ ሴት። የሚፈልጉት ብርድ ልብስ፣ ፓንትና ሳፋ ነበር። ያንን ጫማ እስካሁን ሳስበው ሳቄ ይመጣል፣ ያን ቀን ግን አልሳቅንም።

4. ድስቱ

ጾም አለ፣ ሃላል አለ። ሥጋ ከገባ ድስቱ ለሁለት ይከፈላል፣ ጭቅጭቁም አብሮ ይገባል። ስለዚህ ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ድንች። ሁሉም ይበላዋል፣ ርካሽ ነው፣ ጸብ የለውም። ለበዓል በግ የሚሰጣችሁ ካለ በሁለቱም በኩል ለየብቻ ይታረድ፣ ድስቱም ለየብቻ ይሁን። ይሄንን ወሎዬ መምከር ለቀባሪው ማርዳት ነው፣ ሌላ አገር ላላችሁ ነው።

እኛ ጋ የሠራው ልክ ለመቶ ሰው፦ 5 ኪሎ ሽሮ፣ 5 ኪሎ ሽንኩርት፣ 2 ሊትር ተኩል ዘይት፣ 150 እንጀራ። እንጀራውን አንድ ቦታ ለመጋገር አትሞክሩ። መብራት ሲጠፋ ሊጡ ጎምዝዞ ይቀራል፣ ሰው ይራባል። እያንዳንዱ ቤት በተራው አምስት አምስት እንጀራ ያዋጣ፣ ልጆች በመሶብ ያመላልሱ። መብራቱም ጋዙም ከጠፋ በማገዶ የሚሠራ ገንፎ፣ ቂንጬ፣ ንፍሮ። ስለ ንፍሮ አንድ ነገር፦ በመጀመሪያው ቀን ስናቀርብ አንዲት እናት "ማን ሞቶ ነው?" ብላ ደነገጠች። ንፍሮ የለቅሶ እህል መሆኑን ረስተነው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከቆሎ ጋር ቀላቅለን፣ "የቡና ቁርስ" ብለን ነው የሰጠነው።

አንድ ሰው በአማካይ በቀን ወደ 2,100 ካሎሪ ያስፈልገዋል ይባላል። የእናንተ አንድ ሳህን ከዚያ ሲሶውን ቢሸፍን ነው። ስለዚህ ለራሳችሁ አትዋሹ፣ እናንተ ሙሉውን አትሸፍኑም፣ ክፍተቱን ነው የምትሞሉት። በአገራችን የተለመደው የራሽን ልክ በወር ለአንድ ሰው 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬ፣ 0.45 ሊትር ዘይት ነው። ሲመጣ ማለቴ ነው። ብዙ ጊዜ ይዘገያል፣ ወይ ዘይቱ ቀርቶ ስንዴው ብቻ ይመጣል። ስንዴ ደግሞ ጥሬውን አይበላም። የወፍጮ ብር የሌላት እናት ከ15 ኪሎው ላይ በርካሽ ሸጣ ነው የቀረውን የምታስፈጨው። ይሄን ከቢሮ ሆኖ የሚያየው ሰው የለም። እርዳታ ሲታደል የእናንተ ትልቁ ሥራ ምግብ መጨመር ላይሆን ይችላል፤ ወፍጮ ቤት ሄዳችሁ ከባለቤቱ ጋር በጅምላ ተዋዋሉ፣ ጨው፣ በርበሬና ማገዶ ግዙ። በትንሽ ብር ትልቅ ነገር የሚሠራው እዚህ ጋ ነው።

ሰልፉን ተቆጣጠሩት። ነፍሰ ጡር፣ አዛውንት፣ አካል ጉዳተኛ አይሰለፍም፣ ክፍሉ ድረስ ይወሰድለት። ሳህን የምትሞላዋ ሴት በየሳምንቱ ትቀየር፣ አለበለዚያ "ለዘመዷ ወፍራሙን ትጨልፋለች" መባሉ አይቀርም። ጭልፋውም አንድ ዓይነት ይሁን።

5. ውሃ፣ ሕፃን፣ ተቅማጥ

ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውሃ ነው ልኩ፣ ለመጠጥ፣ ለማብሰልና ለመታጠብ። መጸዳጃው ለሃያ ሰው አንድ ቢሆን ጥሩ ነው፣ በመጀመሪያው ግርግር ለሃምሳ አንድም ካገኛችሁ ተመስገን ነው። ቦቴ ከሌለ ሮቶ ለምኑ፣ ውሃ አጋር ወይም ሌላ የማከሚያ እንክብል ከጤና ጣቢያ ጠይቁ፣ በሳሙናና በጀሪካን ላይ አትሰስቱ።

ሕፃን ካስቀመጠው ሆስፒታል እስኪደርስ በቤት የሚሠራው ይሄ ነው፦ ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውሃ ውስጥ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ጨው ከበዛ ይጎዳልና በግምት አትጨምሩ። እንደ ሩዝ ውሃ ያለ ነጭ ተቅማጥ፣ በብዛትና በተደጋጋሚ ከሆነ ግን ኮሌራ ሊሆን ይችላል፣ ያኔ ጠብቁ የለም፣ ያንኑ ሰዓት ለጤና ጣቢያ አሳውቁ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፣ ስልክ ካለ።

በምግብ እጥረት የተጎዳ ልጅ የሚለይበትን የክንድ መለኪያ ሪባን ከጤና ኤክስቴንሽኗ ተቀበሉ፣ ሁለት ሴቶችን ታሠልጥንላችሁ። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ የላይኛው ክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ወይም ሁለቱም እግሮቹ ካበጡ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ፣ ፕላምፒኔት (ከለውዝ የሚሠራው የሕክምና ምግብ) ወደሚሰጥበት። ከ11.5 እስከ 12.5 ከሆነ አስመዝግባችሁ ተከታተሉ። ፕላምፒኔት መድኃኒት ነው፣ ለታላላቆቹ የሚከፋፈል ጣፋጭ አይደለም፣ ይሄን ለእናትየው ደጋግማችሁ ንገሯት።

የዱቄት ወተት የሚያመጣ ደግ ሰው ይመጣል። አመስግኑትና በጅምላ አታድሉ። ንጹህ ውሃ በሌለበት ጡጦ ሕፃን ይገድላል። "በድንጋጤ ጡቴ ደረቀ" የምትል እናት አለች፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን አልደረቀም፤ ያልበላች፣ ያልጠጣች፣ ያልተኛች ሴት ናት። አጥሚት አፍሉላት፣ ልጇን ያዙላትና ትተኛ፣ ደጋግማ ጡት ትስጠው። እናት የሌለው ሕፃን ካለ ያ የነርሷ ጉዳይ ነው።

6. የሴቶች ጉዳይ፣ በለሆሳስ

ሞዴስ ማንም አይጠይቃችሁም፣ ሁሉም ግን ይፈልገዋል። በሻንጣ ውስጥ አድርጋችሁ፣ በሴት እጅ፣ ማታ ማታ አድሉ። የሚታጠበው ይሻላል የሚሉ አሉ፣ እውነት ነው፣ ግን ውሃና ማስጫ ቦታ ካለ ነው። ስለዚህ አስመርጧቸው። ከሞዴሱ ጋር ፓንት፣ ሳሙና፣ ሻሽ ወይም ነጠላ፣ ትንሽ ባትሪ። ባትሪዋን አትናቁ። ሌሊት መጸዳጃ የምትሄድ ልጅ በጨለማ ነው የምትጎዳው። የመጸዳጃው በር ከውስጥ የሚቆለፍ ይሁን፣ የወንዱና የሴቱ ይራራቅ።

የተደፈረች ሴት ብትነግራችሁስ? በትግራይም፣ በአማራም፣ በአፋርም በዚያ ጦርነት ስንት ሴት እንደተጎዳች ታውቃላችሁ፣ ብዙዎቹ ለማንም አልተናገሩም። መጀመሪያ እመኗት። ዝርዝር አትጠይቋት፣ አትመዝግቧት፣ ለቡድኑ አታውሩ። ጤና ተቋም ከ72 ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ከደረሰች ኤችአይቪ የሚከላከል መድኃኒት ይሰጣታል፣ እርግዝና መከላከያው እስከ 5 ቀን ድረስ ይሠራል። ካለፈም ትሂድ፣ የምትታከመው ሌላ ነገር አለ። አብራት የምትሄድ አንዲት ሴት መድቡ፣ ሁልጊዜ ያችው ትሁን። በትልልቅ ሆስፒታሎች ሕክምናውን፣ ምክሩንና ሕጉን አንድ ላይ የሚሰጥ ማዕከል አለ፣ የት እንዳለ ዛሬውኑ አጣርታችሁ ጻፉት። ፖሊስ ጋ መሄድ አለመሄድ የእሷ ውሳኔ ነው። ሽምግልና ደግሞ አይታሰብም።

አንድ የሚያሳምም ነገር ልጨምር። ጥፋቱ ከረጂውም ሊመጣ ይችላል። ዱቄት የሚያድል ሰው "ማታ ነይና ጨምሬ እሰጥሻለሁ" ሲል ሰምተናል፣ በጎ ፈቃደኛ ነበር። በዚያው ቀን አባረርነው፣ ለሚመለከተውም ተናገርን። ማንኛውም እርዳታ በነጻ መሆኑን በትልቁ ጽፋችሁ ለጥፉ፣ ማንበብ ለማይችሉትም በቃል ንገሩ፣ ቅሬታ የምትሰማ አንዲት ሴት ሰይሙ።

7. ደብተሩ

ቡድን የሚፈርሰው እዚህ ነው፣ እዚህ ላይ እቆያለሁ።

ሁለት ደብተር ይኑራችሁ። አንዱ የስም፣ እሱ የሚደበቀው ነው። ሁለተኛው የገንዘብና የዕቃ፣ እሱ ለሁሉም ክፍት ነው። በገቢው በኩል ቀን፣ ከማን፣ ምን፣ ስንት፣ ማን ተቀበለ። በወጪው በኩል ቀን፣ ለምን፣ ስንት፣ ማን ገዛ፣ ማን አየ። አንድ ሻንጣ ሳሙናም ቢሆን ይጻፍ። ጆንያ ሲገባ ሚዛን ላይ ይውጣ፣ 50 ኪሎ ተብሎ 46 የሆነ አጋጥሞናል። ካርኒ አሳትሙ ወይም ግዙ። ከገበያ ደረሰኝ የማይሰጥ ነገር (እንጨት፣ ሽንኩርት፣ የጋሪ ኪራይ) ሲገዛ ገዢዋና አንዲት ምስክር በወረቀት ይፈርሙ።

የባንክ ሒሳቡ በሦስት ሴቶች ስም ይከፈት፣ ሁለቱ ሲፈርሙ ብቻ ይውጣ። በግል ቴሌብር የምትቀበሉ ከሆነ ቁጥሩ የማን እንደሆነ በግልጽ ይነገር፣ ገንዘቡ በዚያው ቀን ወደ ጋራው ሒሳብ ይዛወር። የመጋዘኑ ሁለት ቁልፍ በሁለት ሴቶች እጅ ይሁን፣ ለየብቻ የሚከፍቱት አይሁን። ደግሞ ለአባል ብድር የለም። ለአንድ ቀንም የለም። ከመሀላችን አንዷ፣ ክፋት ሳይሆን ልጇ ታሞባት፣ 3,000 ብር ተበድራ በሳምንቱ መለሰች። ብሩ ተመለሰ፣ መተማመኑ ግን ሁለት ወር ፈጀብን።

ከዚያ በየእሑዱ ከሰዓት ደብተሩን በትምህርት ቤቱ ግቢ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ተፈናቃዩም፣ ጎረቤቱም፣ የሰጠውም ይስማ። ይሄን የጀመርነው "ዘይቱን ሸጡት" የሚል ወሬ ከወጣብን በኋላ ነው። ማስተባበል አልሞከርንም፤ አነበብነው፣ ጄሪካኑን ቆጠርነው፣ አለቀ። ወሬኛ አልጠፋም፣ የሚሰማው ግን አጣ።

ከውጭ አገር የሚላከውን በተመለከተ። ዋሽንግተን ያለ ልጅ፣ ጅዳ በሰው ቤት የምትሠራ እህት፣ ቴል አቪቭ ያለች አክስት ሁሉም ይልካሉ። ጎፈንድሚ ኢትዮጵያ ውስጥ ባለ ባንክ አይከፍልምና ዘመቻውን የሚከፍተው እዚያው ያለ ሰው ነው። እንግዲህ እዚያ የሚሰበስበው ሰው ስንት እንደገባ፣ ስንት እንደተላከ፣ ስንት ለአገልግሎት እንደተቆረጠ ለእናንተም ለሰጪውም ይንገር። እናንተም የገዛችሁበትን ካርኒ ፎቶ ላኩለት። የካርኒውን ነው ያልኩት። ልጁን አይደለም።

ምክንያቱም ፎቶ ይጠይቋችኋል። "የሚያለቅስ ሕፃን ካለ ጥሩ ነው፣ ሰው ይሰጣል" ያለን ሰው አለ። አይሆንም በሉ። የድስቱን፣ የጆንያውን፣ የእጃችሁን ፎቶ አንሱ። ፊትና ቦታ በፌስቡክና በቲክቶክ ላይ ሲወጣ የሚያየው ሰጪው ብቻ አይደለም፣ ያባረራትም ሰው ያየዋል።

8. ስልክ ሲጠፋ፣ ባንክ ሲዘጋ

ይጠፋል፣ ይዘጋልም። ትግራይ ውስጥ ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ስልክና ባንክ ምን ያህል ጊዜ እንደተቋረጠ ታስታውሳላችሁ፤ አማራ ክልል ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቶ ነበር። በቴሌግራም ብቻ የተሠራ ቡድን በዚያ ቀን ቡድን መሆኑ ያበቃል። ስለዚህ የማይቀየር የመገናኛ ቦታና ሰዓት ይኑራችሁ፣ ለምሳሌ በየቀኑ ጠዋት 2 ሰዓት ወፍጮ ቤቱ በር። የሁለት ሳምንት ወጪ በጥሬ ገንዘብ፣ በሦስት ቤት ተከፋፍሎ ይቀመጥ። ከታመነ ነጋዴ ጋር ደግሞ የዱቤ ስምምነት።

የጎረቤት ልምድ ካነሳን ሱዳንን ላንሳ። በፈረንጆቹ ሚያዝያ 2023 ጦርነቱ ሲፈነዳ ከፊሎቹ በመተማ በኩል ወደኛ ሲገቡ፣ ካርቱም የቀሩት ደግሞ በየሰፈሩ የአስቸኳይ ምላሽ ክፍል የሚሉትን አቋቋሙ። ተኪያ በሚሉት የጋራ ማብሰያ ሰፈሩን ያበላሉ፣ ገንዘቡን ባንካክ በሚባል የስልክ ባንክ ያንቀሳቅሳሉ፣ ሴቶቹም ለብቻቸው የሴቶች ምላሽ ክፍል አላቸው። በ2025 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። እኔን የገረመኝ ሽልማቱ አይደለም፣ አሠራራቸው ነው። እያንዳንዱ ሰፈር ራሱን የቻለ ነው፣ አንዱ ቢዘጋ ሌላው አይዘጋም። ሆኖም በዚያው ዓመት መጀመሪያ የአሜሪካ እርዳታ ሲቋረጥ ብዙ ማብሰያዎቻቸው እሳት አጠፉ። በአንድ ሰጪ ላይ አትንጠልጠሉ፣ ከቤታችሁ የሚዋጣው አምስት እንጀራ ሁልጊዜ ይቀጥል።

9. ተራ

ከሁለት ወር በኋላ እርስ በርሳችሁ መነታረክ ትጀምራላችሁ። ጠባያችሁ ተበላሽቶ አይደለም፣ ደክሟችሁ ነው። ማንም ሴት በሳምንት ከሦስት ቀን በላይ አትግባ፣ ጀግና ነኝ ያለችም ብትሆን። በተለይ ጀግና ነኝ ያለችው። ጭስ ላይ የምትቆመዋ በየሁለት ሰዓቱ ትቀየር። የየእለቱ ሥራ ሲያልቅ አንድ ቡና አፍሉ፣ ለተፈናቃይ ሳይሆን ለራሳችሁ፣ ከመጋዘኑ ሳይሆን ከኪሳችሁ።

ትራንስፖርት የሌላትን ከቡድኑ ሒሳብ ክፈሉላት፣ ደብተር ላይም ጻፉት። "በጎ ፈቃድ ነው" እየተባለ የደሃ ሴት ጉልበት በነጻ ሲበላ ብዙ አይቻለሁ። ትልቅ ድርጅት መጥቶ "እናንተ አድሉልን" ሲላችሁ የማውረጃውን፣ የመጋዘኑንና የትራንስፖርቱን ወጪ ጠይቁ። በፈረንጆቹ 2016 ትልልቆቹ ለጋሾችና ድርጅቶች ከገንዘባቸው ሩቡን በተቻለ መጠን በቀጥታ ለአገር ውስጥ ረጂዎች እናደርሳለን ብለው ቃል ገብተው ነበር፣ እስካሁን እዚያ አልደረሱም። ስለዚህ ሲጠይቋችሁ አትሸማቀቁ።

10. ስትዘጉ

ሰው ወደ ቀዬው ሲመለስ ወይም ወደ ሌላ ጣቢያ ሲዛወር ድስቱ ይወርዳል። ከመዝጋታችሁ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ ንገሯቸው፣ በድንገት አትጥፉባቸው። ለሚመለሱት የስንቅ ዳቦ ቆሎና የመንገድ ብር። የሚቀሩ ሕሙማንና አዛውንት ካሉ ለማን እንደምታስረክቡ በስም ይታወቅ። የተረፈውን እህል በዓይናቸው ፊት አካፍሉ፣ የመጨረሻውን ሒሳብ ልክ እንደ እሑዱ አንብቡ፣ የስም ደብተሩን አቃጥሉ። የገንዘቡን ደብተር አስቀምጡ፣ የሚጠይቅ ሰው ከዓመት በኋላም ይመጣል።

ከዚያ የቅሬውን ዕቃ አጥቡና መልሱ። እኛ ከወሰድነው 200 ሳህን የተመለሰው 163 ነው። አንድ ድስት ቂጡ ተቃጥሎ ነበር፣ ክዳኑም የለም። የቅሬው ዳኛ ዕቃውን አንድ በአንድ ቆጥረው ሲጨርሱ "የጎደለው ይጻፍ" አሉ። ጻፍነው።